መብራት ዝቅ ስለ ማድረግ

አባቶቻችን ሌሊትን ለመንገድ አይመርጡትም ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገደኛው በአቅራቢያው ወዳለ አንድ ቤት ጎራ ብሎ፥ «መሽቶብኝ ነውና የእግዜር እንግዳ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም ማን እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ ሳይመረምር እግሩን አስጥቦ፥ ያለውን አቅርቦ፥ መደብ ላይ አንጥፎ ያሳድረዋል። ወደ ባሶ ገበያ ይመላለሱ የነበሩት ሲራራ ነጋዴዎች እንኳ፥ ብዛትና መሣሪያ ሳያንሳቸው፥ ቀን ሳለ ሰፍረው እሳት አንድደው ያድሩ ነበር እንጂ ጨለማን ደፍረው መጓዝ አይወዱም። ጅቡም፥ ሽፍታውም፥ ገደሉም ያስፈራቸው ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሰው ዐይን ለቀን የተሠራ መሆኑን ማንም ሳያስተምራቸው ዐውቀው ነበር።

ዛሬ ይህ ልማድ ተለውጧል። መኪና ለሰው ልጅ ሌላ እግር ብቻ ሳይሆን ሌላ ዐይንም ጨመረለት። ነጂው መሪውን ጨብጦ መብራቱን አብርቶ ሲነሣ ቀንና ሌሊት አንድ የሆኑለት ይመስለዋል፤ የማንንም ደጅ «አሳድሩኝ» ብሎ መጥናት ቀርቶለታል። ነገር ግን በመስታወቱ ውስጥ አሻግሮ የሚመለከተው ዐይን ያው የአያቱ ዐይን ነው። ፍጥነቱ አሥር እጥፍ ሲጨምር ዐይኑ አንዲት ነጥብ ብርታት አልጨመረም። በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ክፍተት፥ ማለት በእግራችን ፍጥነትና በዐይናችን አቅም መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ለምሳሌም ርቀን አንሄድም፤ በሥራ ምክንያት ደጋግመን የተመላለስንበትን የምሥራቅ ጎጃምን ጎዳና፥ በተለይም ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን እንወስዳለን።

ይህ ጎዳና ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በፈለገ ብርሃን በኩል አድርጎ ወደ ሞጣ ይዘልቃል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። በስተ ምዕራብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ቆሞ ይመለከተዋል፤ በስተ ምሥራቅ የዓባይ ሸለቆ እየዞረ ይከተለዋል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላቸው የደጋ ከተሞች ናቸው። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች አገሩን እየቆራረጡ ወደ ዓባይ ስለሚገቡ፥ ጎዳናው በጤፍ ማሳ መካከል ቀጥ ብሎ ሲሄድ ይቆይና በድንገት ወደ ወንዝ አዘቅዝቆ፥ ታጥፎ፥ ድልድይ ተሻግሮ እንደገና ዳገት ይወጣል። ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ሆኖ ከቆየ በኋላ በቅርብ ዓመታት አስፋልት እየለበሰ መጥቷል። አስፋልቱ ጉዞውን እንዳሳጠረ የታወቀ ነው፤ ጠጠሩ በግድ ያዘገየው የነበረውን ነጂ ግን ዛሬ ከገዛ አእምሮው በቀር የሚያዘገየው የለም።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነጂ ደግሞ ወደዚህ ጎዳና የሚገባው ድካም ተሸክሞ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የዓባይን በረሃ በማርሽና በፍሬን ወርዶ፥ ድልድዩን ተሻግሮ፥ በከባድ ማርሽ ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ክንዱም ዐይኑም ዝሏል። ጀምበሯም ብዙ ጊዜ የምትጠልቀው በዚያው ሰዓት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች፥ በሰሜን አውሮፓ በበጋ እንደሚታየው ምሽቱ ለረጅም ሰዓት አይንጠራራም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨለማው ይወርዳል። ዐይን በተፈጥሮው ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ስለሚያስፈልገው፥ ጨለማው ከዐይኑ ይቀድማል ማለት ነው። በየአገሩ የምሽት መጀመሪያ የሚፈራውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጎዳና ላይ በሌሊት ማን ይገኛል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ «መኪና» አይደለም። መኪናው ጥቂት ነው፤ እግረኛው ብዙ ነው። ከገበያ ዘግይቶ አህያውን እየነዳ የሚመለሰው ገበሬ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ አውድማውን ሊጠብቅ የሚወጣ አለ። በጥር ሰርገኛው እየዘፈነ ከመንደር ወደ መንደር ይሻገራል። በዘመነ ጽጌ ማኅሌት ሊቆም ወይም ሊያስቀድስ በሌሊት ከቤቱ የሚነሣ አለ። መርዶ የሰማ ዘመድ ንጋትን አይጠብቅም። በከተማዎቹ ዳርቻ ደግሞ የኋላ መብራታቸው የጠፋ ባጃጆች ይመላለሳሉ። ይህ ሕዝብ መንገዱን ያወጣው በእግሩ ነው፤ መኪናው የመጣው በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፥ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። የቢቸናና የሞጣ ሰው ግን ከዚያ በፊት በብዙ መቶ ዓመታት በዚሁ አገር ይሄድ ነበር። በሌሊት የምናገኘውን እግረኛ እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ባለ አገር ልናየው የሚገባን ስለዚህ ነው።

መብራት ያሳያል፤ ነገር ግን ይደብቃልም። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የመኪና መብራት በፊቱ ያለውን ሲያደምቅ በግራና በቀኝ ያለውን ጨለማ የባሰ ያጠቁረዋል፤ በጨረቃ ብርሃን ይታይ የነበረው ዳርቻ ሁሉ ይጠፋል። ሌላም ነገር አለ። የከብት፥ የፍየል፥ የውሻና የጅብ ዐይን የመኪና መብራት ሲያርፍበት እንደ ፍም ያበራል፤ በዐይናቸው ጀርባ ብርሃንን የሚመልስ ሽፋን አላቸውና። የሰው ዐይን ግን ይህ ሽፋን ስለሌለው አያበራም። ስለዚህ በሌሊት መንዳት የለመደ ሰው ከሩቅ የሚያበራ ዐይን ሲፈልግ፥ ጅቡን አይቶ ሰውን ሳያይ ይቀራል። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ከሩቅ ሊታይ ይችላል፤ ጥቁር ብርድ ልብስ የተከናነበ ወይም በምሥራቅ ጎጃም እንደ ተለመደው አረንጓዴ ቁምጣና ኮት የለበሰ ግን ከአስፋልቱና ከሣሩ ጋር አንድ ሆኖ፥ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ካልደረሰ አይለይም።

ከዓመታት በፊት በኅዳር ወር፥ በጨረቃ አልባ ሌሊት ያየነውን እዚህ ላይ እንናገራለን። ቢቸና የዋልንበት ሥራ ሳያልቅ መሽቶብን ሞጣ ለማደር ተነሣን። ጎዳናው በዚያን ጊዜ ገና የጠጠር ነበር። መኪናውን የሚነዱት በካሚዮን ላይ ያረጁ፥ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ብርዱም ረኃቡም የጠናበት አንዱ ባልንጀራችን፥

«ጋሼ፥ መንገዱ እኮ ባዶ ነው፤ ምነው ትንሽ ቢረግጡት?» አላቸው።

ሽማግሌውም ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፥

«ባዶ መሆኑን በምን ዐወቅህ ልጄ? እኔ የሚታየኝ እስከዚያች ድንጋይ ድረስ ነው። ከድንጋይዋ ወዲያ ያለውን እግዜር ነው የሚያውቀው» ብለው መለሱለት።

ባልንጀራችን ሳቀ፤ እኛም ፈገግ አልን። ጥቂት እንደ ሄድን መንገዱ ወደ አንድ ወንዝ አዘቅዝቆ ታጠፈ። ከእጥፋቱ እንደ ወጣን ሽማግሌው ያለ ጩኸት፥ ያለ ድንጋጤ ፍሬን ያዙ፤ መኪናው ጠጠሩን እየፋቀ ቆመ። በፊታችን አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ቆመዋል። የሚያበራ ዐይን የለም፤ ነጭ ልብስም የለም። አራት ጎልማሶች ቃሬዛ ተሸክመዋል፤ በቃሬዛው ላይ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ሰው አለ። መብራቱ ዐይናቸውን ስለ ወጋቸው ወደ ዳር መውጣት አቅቷቸው ባሉበት ደርቀው ቀርተዋል፤ ሸክማቸውን ጥለው ሊሸሹም አልቻሉም።

ሽማግሌው በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር መብራቱን ዝቅ ማድረግ ነበር። ከዚያም ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ።

«እንደምን አመሻችሁ። ወዴት ነው አባቴ?» ሲሉ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡትን ጠየቁ።

«ወደ ሐኪም ቤት ነው ወንድሜ። የልጄ ሚስት ናት፤ ምጥ ከያዛት ዛሬ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከኛ ቀበሌ ድረስ መኪና አይገባም» አሉ፤ ቀጥለውም፥ «እግዜር ነው ያመጣችሁ» አሉ።

ዕቃችንን ከላይ አሳስረን ሴትዮዋን ከኋላ አስተኛናት፤ አማቷና ባሏ ከእኛ ጋር ተጨናንቀው ተቀመጡ። የቀሩት ባዶ ቃሬዛቸውን ይዘው በጨለማው ውስጥ ወደ ኋላ ቀሩ። መንገድ እንደ ጀመርን ያው ባልንጀራችን፥ «አሁንስ ጋሼ፥ ነፍስ የያዘ ጉዳይ ነውና ይፍጠኑ እንጂ» አለ። ሽማግሌው ግን ፍጥነታቸውን አንድ ጋት አልጨመሩም። «አሁን ነው እንጂ ቀስ የሚባለው» አሉት። ሞጣ ሐኪም ቤት አድርሰናት ከተመለስን በኋላ፥ እኛ ነገሩን ረስተነዋል ብለው አስበው ይሁን ወይም ለራሳቸው ሲናገሩ፥ «ትንሽ ፈጥነን ቢሆን ኖሮ ደርሰንባት ነበር እንጂ ደርሰንላት አልነበረም» አሉ። በማግስቱ ሴት ልጅ በሰላም መገላገሏን ሰማን።

ለሰው መድረስና በሰው ላይ መድረስ! በቋንቋችን የእነዚህ የሁለቱ ቃላት ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ በሌሊት ጎዳና ላይ ደግሞ የጥቂት ሜትሮች ጉዳይ ነው። ይህም የስብከት አነጋገር እንዳይመስል በቁጥር እናስረዳ።

በ1961 ዓ.ም. በቪየና ከተማ በተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት፥ የመኪና ረጅም መብራት አየሩ በጠራ ሌሊት ቢያንስ 100 ሜትር፥ አጭሩ መብራት ደግሞ ቢያንስ 40 ሜትር ወደ ፊት ማሳየት አለበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያዛውር ቢያንስ ይህችው አንዲት ሴኮንድ ታልፋለች። ከዚያ በኋላ በደረቅና ደኅና በሆነ አስፋልት ላይ መኪናው እስኪቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ በድምሩ 37 ሜትር ሆነ። በአጭር መብራት ለሚነዳው ሰው በእርሱና በእግረኛው መካከል የቀረው 3 ሜትር ብቻ ነው። ፍጥነቱ 80 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን ለማሰቢያ 22 ሜትር፥ ለመቆሚያ 36 ሜትር ያህል፥ በድምሩ 58 ሜትር ይፈልጋል። መብራቱ የሚያሳየው 40 ሜትር ነው። የጎደለውን 18 ሜትር የሚሞላው እንግዲህ የሰው ገላ ነው። ይህም በደረቅ አስፋልት ላይ፥ ጎማው ባልተበላና ነጂው ባልደከመ ጊዜ ነው። በጠጠር፥ በጭቃ ወይም ክረምት ባረጠበው መንገድ ላይ የመቆሚያው ርቀት እጅግ ይረዝማል።

ስለዚህ ሽማግሌው «እኔ የሚታየኝ እስከዚያች ድንጋይ ድረስ ነው» ሲሉ የተናገሩት ከማንኛውም የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ የማይተናነስ ሕግ ነው። የሌሊት ፍጥነት የሚለካው በሞተሩ ጉልበት፥ በመንገዱ ጥራት ወይም በጉዳያችን ጥድፊያ አይደለም፤ መብራታችን በሚደርስበት ቦታ ውስጥ መቆም በመቻላችን ነው። ከመብራቱ ወዲያ ያለውን ባዶ ነው ብሎ የሚነዳ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ከሚነዳው አይለይም። ጭጋግ ከጮቄ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው ደግሞ ረጅሙን መብራት ማብራት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ብርሃኑ ከጭጋጉ ላይ ተመልሶ የነጂውን የራሱን ዐይን ይወጋዋልና። በዚያን ጊዜ መብራቱንም ፍጥነቱንም አብሮ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

አሁን የጽሑፋችን ርእስ ወደ ሆነው ነገር ደርሰናል። በአገራችን የቆየ ልማድ፥ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ታላቁን በመንገድ ባገኘ ጊዜ ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያንም ደጅ ሲያልፍ ይወርድ ነበር። መውረዱ የጌትነቱን ደረጃ አልቀነሰበትም፤ ይልቁንም ባለጌ አለመሆኑን አስመሰከረለት። ዛሬ በመኪና የሚሄድ ሰው ለያንዳንዱ መንገደኛ ይውረድ ብንል ጉዞ አይኖርም። ነገር ግን ይህን የመሰለ አክብሮት የሚገለጥበት አንድ ነገር በእጁ አለ፤ እርሱም መብራቱ ነው። ከፊት ለፊት መኪና ሲመጣ ረጅሙን መብራት ወደ አጭሩ መመለስ ሕግ ያዘዘው ነው። ለእግረኛም፥ ለባለ አህያም ቢሆን ዝቅ ማድረግ ግን የጨዋ ልጅ ሥራ ነው። መብራት ዐይኑን የወጋው ሰው ለጥቂት ሴኮንዶች ዕውር ማለት ነው፤ ገደሉን ከመንገዱ፥ ዳሩን ከመሀሉ አይለይም። እኛ በመኪና ውስጥ ሆነን «ለምን ዳር አይወጣም?» እያልን የምንቆጣው እኛው ራሳችን ባሳወርነው ሰው ላይ ነው።

ከፊት የሚመጣው ነጂ መብራቱን ዝቅ አላደርግም ቢል ምን ይደረጋል? ብዙዎች «እንግዲያውስ እኔም አላደርግም» ብለው ብርሃን በብርሃን ይበቀላሉ። በዚህ ሁለት ዕውሮች በጠባብ መንገድ ፊት ለፊት ይሽቀዳደማሉ። የሚሻለው መንገድ የታወቀ ነው፤ የራስን መብራት ዝቅ ማድረግ፥ ፍጥነትን መቀነስ፥ ዐይንን ከመጪው መብራት አንሥቶ ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ መመለስ። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሸጋገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ ወዲህ የነጂ መጠጊያ የቀኙ ዳር ነው። በዚሁ ምክንያት እግረኛው ግራውን ይዞ መሄድ ይገባዋል፤ ግራውን የያዘ ሰው የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል፥ ቀኙን የያዘ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ዕድሉን ይጠብቃል።

ሌላው የሌሊት ጠላት የቆመ መኪና ነው። ካሚዮን ሲበላሽ ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ትልልቅ ድንጋይ ያስደግፋል፤ ከኋላም ቅጠልና ቅርንጫፍ ቆርጦ መንገዱ ላይ ያኖራል። ይህ ለማስጠንቀቂያ የታሰበ በጎ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ቅጠል በመብራት አያበራም፤ የሚያንጸባርቀው ባለ ሦስት ማእዘን ምልክት ግን ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ፥ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው መሀል መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ያ ድንጋይ ለአንዱ ዋስ የነበረ ለሌላው ገዳይ ይሆናል። ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ዳር መጣል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አንድ መብራት ብቻ ይዞ የሚጓዘውም መኪና እንዲሁ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ሞተር ብስክሌት ይመስላል፥ ሲቀርብ ግን በጨለማ የተጋረደው ግማሽ አካሉ መንገዱን ይዞት ይገኛል። አምፖል መለወጥ ያልፈቀደ ሰው በሌሊት መንገድ መውጣት የለበትም።

ስለ እንቅልፍም ጥቂት እንበል። እንቅልፍ በወሬ፥ በሙዚቃ፥ በጫት ወይም በቡና የሚሸነፍ ይመስለናል። እነዚህ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ያዘገዩት ይሆናል እንጂ አያባርሩትም፤ በተለይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ ባለው ጊዜ ሰውነት በተፈጥሮው ይዝላል። ሰው ዐይኑን ገልጦም ለሁለትና ለሦስት ሴኮንድ ሊያንቀላፋ ይችላል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሦስት ሴኮንድ ማለት 66 ሜትር ያህል ያለ ነጂ መሄድ ነው። የእንቅልፍ መድኀኒቱ እንቅልፍ ብቻ ነው። መኪናን ከመንገዱ አርቆ፥ ደኅና በሆነ ስፍራ አቁሞ ለ20 ደቂቃ ማሸለብ ብዙ ነፍስ ያድናል። ጠላና አረቄ ቀምሶ መሪ ስለሚጨብጠውማ ምን እንላለን? በቀን ያልተፈቀደለት በሌሊት ሊፈቀድለት አይችልም። የቀድሞዎቹ የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች በማለዳ ተነሥተው ሲመሽ በመንገድ ከተማ ማደራቸው፥ ተሳፋሪውን ቢያሰለቸውም፥ ጥበብ የሌለበት ልማድ አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በመላው ዓለም በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞት ገልጧል። ከእነዚህም ውስጥ ከእኩሌታው በላይ የሚሆኑት እግረኞች፥ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ይህ ቁጥር ከአእምሮ በላይ ስለ ሆነ አያስለቅስም። ነገር ግን ከቁጥሩ ውስጥ አንዱ በአንድ ሌሊት ከአንድ ወንዝ እጥፋት በኋላ በቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው፥ ወይም ከገበያ የሚመለስ የአንድ ቤት አባወራ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይቀርበናል።

ኀላፊነቱን በነጂው ላይ ብቻ መጫን አግባብ አይሆንም። የወላጅና የመምህር ድርሻ ልጆችን ግራ ይዞ መሄድን ማስተማር ነው፤ በሌሊት ለሚሄድ ዘመድም ነጭ ጋቢውን ከላይ እንዲደርብ፥ ባትሪ ወይም የስልኩን መብራት እንዲይዝ መምከር ነው። የከተማ ሹማምንት ድርሻ ደግሞ በከተማ መግቢያና መውጫ ላይ፥ ሰው በሚበዛበት ስፍራ መብራት ማቆም ነው። የመንገድ ሥራ ሰዎችም ነጩ የዳር መስመር ሲደበዝዝ ማደስና በእጥፋት ላይ የሚያንጸባርቅ ምልክት መትከል ይጠበቅባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ ልዩ ልዩ ከተሞች የሌሊት እንቅስቃሴ የተገደበበት ጊዜ እንደ ነበረ ይታወቃል። ሰላም ሰፍኖ ሰው ያለ ስጋት በሌሊት ሲጓዝ፥ ከሰው እጅ የዳነው መንገደኛ በመኪና እጅ እንዳይወድቅ፥ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

በዚያ ጎዳና ላይ ፈለገ ብርሃን የሚባል ከተማ እንዳለ ከላይ ተናግረናል። በግእዝ ፈለግ ማለት ወንዝ ነው፤ የብርሃን ወንዝ እንደ ማለት ይሆናል። ወንዝ በቦዩ ሲሄድ ያጠጣል፤ ከቦዩ ሲወጣ ግን ያጠፋል። የመኪናም ብርሃን እንዲሁ ነው፤ በልክ ሲሆን መንገድ ይመራል፥ ከልክ ሲያልፍ ዐይን ይነሣል። አያቶቻችን ሲመሽባቸው የሰው ደጅ አንኳኩተው ያድሩ እንደ ነበረ ተናግረናል። እኛ ማደሩን ከተውነው፥ ቢያንስ ትሕትናውን አንተወው። ከመብራታችን በላይ አንሩጥ፤ ሰው ስናገኝ መብራታችንን ዝቅ እናድርግ፤ እንቅልፍ ሲመጣ እናሸልብ፤ ድንጋያችንን ከመንገድ እናንሣ። ከመቅረት መዘግየት እንደሚሻል የማያውቅ የለም። የሚጠብቀን ሰው እራቱ ቢቀዘቅዝበት መልሶ ያሞቀዋል፤ የሚጠብቀው ሰው ካልመጣ ግን ምንም ሊያሞቅለት የሚችል የለም። ያ ከጨለማው ወዲያ የሚሄደው እግረኛም እንደኛው የሚጠብቀው ቤት አለው።